ከመከታ አንገት የወጣው ጠፍር

ከአምባራስ በወጣሁበት ሌሊት ቡችላውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንዳይከተለኝ ነው። የባለቤቴን አርባ አውጥቼ፣ እርሻውን ለወንድሙ ለአዱኛ ትቼ ደባርቅ ልገባ፣ ገብስ የጫነ አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ የበቅሎውን የነሐስ ቀለበት የሰፋበት አንድ ጠፍር ነበረው። እሱን የቡችላው አንገት ላይ ቋጥሬ ጫፉን ከበረቱ ምሰሶ ጋር አሰርኩት። አዱኛ «በጎቹን ይጠብቅልኛል፤ አንቺ ሂጂ፣ አታስቢ» አለኝ።

የደባርቅ ሰው ብርድ ገደለን ይላል፤ እኔ ግን ከላይ ስለመጣሁ ጋቢዬን እጥላለሁ። እንጀራው ነጭ ነው፣ የገብስ ጠረን የለውም፤ በልቼ ስነሳ የበላሁ አይመስለኝም። ሰው ጠዋት በአጠገቤ ያልፋል፣ እንዴት አደርሽ የለም። ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ አገኘሁ። በየእሁዱ ለአዱኛ እየደወልኩ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፤ የባለቤቴ መቃብር ከብት እንዳይረግጠው ታጠረ ወይ፣ ቡችላው መከታስ እንዴት ነው። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ነው። «መቃብሩን በድንጋይ አጥሬዋለሁ፤ መከታም ጥጃ አክሏል» ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።

በዓመቱ ሰኔ ላይ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ አንድ ውሻ አየሁ። አጥንቱ ይቆጠራል። አንገቱ ዙሪያውን ቆስሎ ተልቷል። ሰው «አብዷል» እያለ በድንጋይ ያባርረዋል። ዳቦ ጣልኩለት፣ በላ። ያበደ ውሻ ዳቦ አይበላም ብዬ በማግስቱም ጣልኩለት። በአራተኛው ቀን ግቢ ድረስ ተከተለኝ።

አከራዬ እትዬ ዘርፌ በሩ ላይ ቆሙ።

«ብቻዬን ነኝ ብለሽ ነው የገባሽው።»

«አሁንም ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«ይሄስ?»

«ውሻ ነው።»

«የሚሞት ውሻ ነው እንጂ። ሲሞት ማን ሊያወጣው ነው? የውሻ ዕድር የለን። እስከ ነገ ካልታከመ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

ባጃጁ አልጭንም አለኝ። በዳቦ እያባበልኩ በእግር እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ መዝገብ ከፈተ።

«የማን ነው?»

«የማንም። የመንገድ ነው።»

«የመንገድ አልመዘግብም። የእኔ ነው በይ። መታወቂያ?»

«የለኝም። መሸኛዬ ከአምባራስ አልመጣም።»

«እሱስ መሸኛ አለው?» ብሎ ሳቀ፤ መርፌውን ግን አነሳ።

ውሻው ሲደነዝዝ ጠጉሩን ላጨው። «እዩልኝማ፣ ቡችላ ሳለ አስረውት ሥጋው በማሰሪያው ላይ በቅሎበታል» አለ።

«ያሰረውን እጁን ይቁረጠው» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ በመቀስ ቆርጦ፣ በወረንጦ ስቦ፣ ያወጣውን ትሪ ላይ ጣለው። ቃጭ አለ። ገመድ ቃጭ አይልም ብዬ ቀና አልኩ። ጥቁር ደም የለበሰች የበቅሎው ቀለበት ነበረች። የጠፍሩ ጫፍ ታኝኳል። ቋጠሮው የእኔ ነው፣ እንዳሰርኩት ነው።

«አመመሽ እንዴ?» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። እጆቼን ግን አስታውሳለሁ፤ ሁለቱንም ነጠላዬ ውስጥ ደብቄያቸው ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩት። እጄን ወደ አንገቱ ስልክ ጥርሱን ያሳየኛል፤ ልክ ነው እልና እቀመጣለሁ፣ እንደገና እሞክራለሁ። መከታ ብዬ ብጠራው ዞር አይልም። እትዬ ዘርፌ በየቀኑ አጥንት ያወጣሉ። «ለድመቷ ነው» ይላሉ። ድመት የላቸውም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ራሱ መጥቶ አገጩን ጉልበቴ ላይ ጣለ፤ አንገቱን ነካሁት፣ ዝም አለ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ለአዱኛ አልደወልኩም። ባለፈው እሁድ ደወልኩ። ውሻው እግሬ ሥር ተኝቷል።

«መከታ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ በጎቹ ጋ ነው። ትናንት እንኳ ቀበሮ አባረረ።»

እንዳላስብ ብሎ ነው፤ ይገባኛል። ክፉ ሰው አይደለም።

«መቃብሩንም አጥሬዋለሁ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «አታስቢ።»

«እሺ» አልኩት። እጄ ጠጉር ያልበቀለበት ቦታ ላይ ነበር።

የአምባራስ ሰዎች፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እለፉልኝ። ባለቤቴ ከትልቁ ጽድ ሥር ነው። አይታችሁ ንገሩኝ። ካልታጠረም፣ አልታጠረም በሉኝ።