ለቀላል ጥይት የሚሆን ጠመንጃ

በሕይወቴ ጠመንጃ እገዛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ሰመር ግን ሁለት ገዛሁ። ሁለቱም ደህና ጠመንጃዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም እንከን አልነበረባቸውም። ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ቶሎ ተረድቼ፣ ዘግይቼ ነው የተናገርኩት።

ነገሩ የተጀመረው ከጎመን ነው። የባለቤቴ አባት፣ በቤታችን ሁሉም ሰው አባባ የሚላቸው፣ ከሁለት ጡረተኛ ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው እዚህ አሜሪካ ጀርመንታውን ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ከአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት መሬት ተከራይተው ጎመን፣ ቃሪያና ጌሾ ይተክላሉ። ያን ሰመር ማሳቸውን ግራውንድሆግ የሚሉት እንስሳ ወረረው። አባባ «ሽኮኮ» ይሉታል፤ እውነትም የሰባ ሽኮኮ ነው የሚመስለው። ጉድጓድ ውስጥ ይኖርና ጠዋት ብቅ ብሎ የጎመኑን ለጋ ለጋውን ቀርጥፎ ይመለሳል። አጥር አጠሩበት፣ ከሥር ቆፍሮ ገባ። ወጥመድ አኖሩለት፣ የባለመሬቷን ድመት ያዘላቸው። በስተመጨረሻ አባባ ጠመንጃ ይገዛ አሉ። አሮጊቷም ፈቀደች፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች። ከማሳው ጀርባ የጎረቤት ቤትና ፈረሶች ስላሉ ጥይት ነጥሮ ወደዚያ እንዳይሄድ።

ይህን ሲሰሙ አባባ ዕድሜ የቀነሱ መሰሉ። ድሮ አገር ቤት በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የተኩስ አስተማሪ ነበሩ። አሜሪካ መጥተው አሌክሳንድሪያ ከገቡ በኋላ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ሲቀበሉ ነው የኖሩት፤ ስለዚያ ሙያቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አሁን ጠያቂ ተገኘ።

«ከባድ ጥይት አይሆንም» አሉኝ። «ከባዱ መሬት ሲመታ ነጥሮ ይሄዳል፤ የማን ቤት እንደሚገባ አታውቅም። ቀላልና ፈጣን የሆነው ግን የነካው ቦታ ላይ ይበታተናል፤ ከዚያ አያልፍም። ጠመንጃው ደግሞ በእጅ እየተሳበ አንድ አንድ የሚጎርስ ይሁን። የሚቸኩል ሰው ይስታል።»

የቤታችንን አኗኗር ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ክሪስታል ሲቲ አጠገብ፣ ኤርፖርቱ ውስጥ፣ የሚከራዩ መኪኖችን እቀበላለሁ፣ አስረክባለሁ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ቤት የምገባው። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ትገባና እኩለ ሌሊት ትወጣለች። ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰመር ላይም የክረምት ትምህርት ስላለ ትምህርት ቤት ትውላለች። ከትምህርት ቤት የሚያወጧት አባባ ናቸው። በየቀኑ ከአሌክሳንድሪያ ተነስተው ያንን የመኪና መዓት የሚርመሰመስበትን ሃይዌይ አቋርጠው ይመጣሉ፤ ልጅቷን ወደ ቤት ያደርሳሉ፣ ያበሏታል፣ እኔ እስክገባ ይጠብቃሉ። ሁለት ዓመት አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። እሳቸው ባይኖሩ ከሁለታችን አንዳችን ሥራ መልቀቅ ነበረብን።

አንድ ቅዳሜ ጠመንጃ መሸጫ ሄድን። አባባ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ ሻጩ እኔን ትቶ እሳቸውን እያየ ይመልሳል። ገና በሁለተኛው ጥያቄ ሰውየው ዐዋቂ እንደገጠመው ገብቶታል። አፈሙዝ ውስጥ ጥይቱን እያሽከረከረ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ቦይ አለ፤ ትዊስት ይሉታል። ጠበቅ ብሎ የተጠመዘዘው ረጅምና ከባድ ጥይት ይስማማዋል፤ ላላ ያለው ለአጭርና ለቀላሉ ነው። ሻጩ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ጠበቅ ያለው መሆኑን፣ ላላውን ከፈለግን መጠበቅ እንዳለብን ነገረን። አባባ አንዱን አንስተው ትከሻቸው ላይ አስደገፉ፣ ምላጩን በጣታቸው ሞከሩና «ግድ የለም፣ ይሄም ይሠራል» አሉ። በስሜ ፎርሙን ሞልቼ ገዛሁ።

የተኩስ ሜዳው ላይ አባባ ጃኬታቸውን አጣጥፈው ከክርናቸው ሥር አደረጉ። አተነፋፈሳቸው፣ አቀማመጣቸው፣ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። አምስት ተኮሱ። ተኩስ አቁሙ ሲባል ሄጄ ዒላማውን አየሁ፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። እንደገና አምስት ተኮሱ። ወረቀቱ እንደ ንጽሕናው ነው። አባባ ቀለሆቹን ከመሬት በዳበሳ መልቀም ጀመሩ።

«ጠመንጃው ነው፣ አባባ» አልኩ። «ሰውየው ነግሮን የለ? ትዊስቱ ለቀላል ጥይት አይሆንም።»

አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው አዩኝ። «ይሆናል» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። አባባ ሰው ሲያዩ አንገታቸውን ማዘንበል ከጀመሩ ከርመዋል። የመኪናቸው የቀኝ ጎን ተሰርጉዷል፤ ሱፐርማርኬት ደጅ ቆሜ ሰው ገጨኝ ብለው ነበር። ስልክ ቁጥር «አንብብልኝ» ማለት አብዝተዋል። ሁሉንም አይቻለሁ፤ አንድ ላይ ማየቱን ነው ያልፈለግኩት። የተኩስ አስተማሪ ለነበሩ ሰው፣ የሚስትህ አባት ለሆኑ ሰው፣ ዓይንዎ ደክሟል እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ እላለሁ። ግን ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። ዓይናቸው ደክሟል ካልኩ መኪና መንዳት ያቆማሉ። መንዳት ካቆሙ ልጄን ማን ያመጣልኛል? ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ለማሰብ የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። ስለዚህ ጥፋቱን በጠመንጃው አላከክሁ።

አንዴ ካላከክሁ በኋላ ደግሞ ቃሌን መጠበቅ ነበረብኝ። በእረፍት ሰዓቴ ሳንድዊቼን እየበላሁ ስለ ትዊስት አነብባለሁ። ስድስት ሱቅ ደወልኩ። ሰባተኛው፣ ከአሌክሳንድሪያ ወዲያ ያለ፣ የምፈልገው አንድ ቀርቶኛል አለኝ፤ አፈሙዙ ወፍራም፣ ቦዩ በአሥራ ሁለት ኢንች አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር፣ ለቀላል ጥይት ተብሎ የተሠራ። የመጀመሪያውን መልሼ ሸጬ ያንን ገዛሁ።

ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «ለአንድ ሽኮኮ ስንት ጠመንጃ ነው የምትገዛው? ለምን ተባይ አጥፊዎቹን ኮል አታደርጉም?»

«አባትሽ ደስ ብሏቸዋል፣ ተያቸው» አልኳት። ለእሷም አልነገርኳትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ተኩስ ሜዳው የሄድነው እሑድ ነበር። ቅዳሜን ድርብ ሽፍት ሠርቼ ስለነበር ጆሮዬን በመከላከያው ደፍኜ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ለአባባ አምስት ጥይት ሰጥቻቸዋለሁ። ተኩሱ በሩቅ ይሰማኛል። ትከሻዬን ሲነኩኝ ነው የባነንኩት።

«በል፣ አሁን አንተ ሞክር።»

«እኔ? ተኩሼ አላውቅም እኮ፣ አባባ።»

«ለዚህ ነዋ።»

አስቀመጡኝ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ። እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው «ተንፍስ... ግማሹን አስቀር... አሁን ሳብ» ይሉኛል። አምስት ተኮስኩ። በጠመንጃው መነጽር ውስጥ ዒላማው ወለል ብሎ ይታየኛል። ተኩስ አቁሙ ተባለና ብቻዬን ወደ ወረቀቱ ሄድኩ። መሃሉ ላይ በአንድ ሳንቲም የሚሸፈኑ አምስት ቀዳዳዎች አሉ። ሌላ የለም። አምስቱም የእኔ ናቸው። የአባባ አንድም የለም።

ወረቀቱን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ፤ ሆዴ ባባ እንጂ ደስ አላለኝም። ተመልሼ ሄድኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ «አባባ፣ ይኸው የእርስዎ! የእኔማ ሁሉም ሜዳ ቀሩ» አልኳቸው።

ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «ደህና ጠመንጃ ነው» አሉና አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ነበሩ የሚነዱት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔን ከስልኬ መንቀል አቃተኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው። አባባ ቤት ሲገቡ «ገብተናል» ብለው ይደውሉልኛል፤ እስኪደውሉ ድረስ አንድ ደንበኛ ምን እንዳለኝ አላስታውስም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ስልኩ አንድ ሰዓት ዘገየ። መታጠፊያ ስተው ዞረው ነው የመጡት። ማታ ልጄን እራት ሳበላት፣ እንደ ልማዷ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ «እኔና አባባ ጌም አለን» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ጌም?»

«መኪና ውስጥ። ላይቱ ሬድ ነው ግሪን ነው ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔ እነግረዋለሁ። ሁልጊዜ ዊን አደርጋለሁ።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ ናት ለካ ስትነዳ የከረመችው።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ከመነሳታቸው በፊት አሌክሳንድሪያ ደረስኩ። አባባ ለብሰው፣ የመኪና ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሰዓቱን ይጠብቃሉ። የዒላማው ወረቀት ተዘርግቶ አጠገቡ አለ። በሩን እንደዘጋሁ ቆሜ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ቀዳዳዎቹ የእርስዎ አይደሉም፤ የእኔ ናቸው። የመጀመሪያው ጠመንጃም ምንም አልነበረበትም።» አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬም በላይ ፈርቼ ነበር።

አባባ አልተቆጡም። እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«አምስት ሰጠኸኝ። ሦስት ተኩሼ ሁለቱን ወደ ካርቶኑ መለስኩ» አሉ። «የወረቀቱን ዳር ዳር አየዋለሁ፤ መሃሉ ነው የጠፋኝ። የማላየውን ነገር ለምን እተኩሳለሁ ብዬ ተውኩት። አንተ ተኝተህ ነበር። ከዚያ አምስት ቀዳዳ አምጥተህ የእርስዎ ነው አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

አንገታቸውን አዘንብለው፣ በዓይናቸው ጠርዝ ሊያገኙኝ እየሞከሩ አዩኝ።

«ይሄ ልጅ አውቆብኛል አልኩ። ሰኞ ልጄን አይውሰዱብኝ ትለኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። አላልክም። ማክሰኞም አላልክም። እንግዲህ አባቷ እያወቀ ከሰጠኝ፣ ዓይኔ ያን ያህል አልከፋም ማለት ነው አልኩ። በአንተ ነው የተማመንኩት።»

ባለቤቴ ብትሰማ ምን እንደምትል እንኳ ማሰብ አልቻልኩም። ይቅርታ አልኩ፤ እሳቸውም «እኔም ነኝ» አሉ።

ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «መጀመሪያ የልጅቷን ወንበር ከኋላ አውጣ» አሉ።

ወርጄ ወንበሩን ከመኪናቸው ፈታሁ። ሥሩ ብስኩትና አንድ ካልሲ ነበር። የእኔ መኪና ውስጥ እየታገልኩ ሳስረው አባባ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡና ከፊት ተቀመጡ። አብረን ልናወጣት ተስማማን። ነገ ማን እንደሚያወጣት፣ ከሥራዬ የትኛውን እንደምተው፣ ምንም አላሰብኩም ነበር። ጠመንጃው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሽኮኮው ጎመኑን እየበላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ መብራት ያዘን። ጭንቅላቴን መሪው ላይ አስደገፍኩ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ።

«አረንጓዴ ሆነ እንዴ?» አሉ አባባ።

«ሆኗል፣ አባባ» አልኩና ነዳሁ።