ጉጠት የያዘ ሰው አይጠራም

ነጠላዬ ልጄ ትከሻ ላይ እንዳለ ልብ ያልኩት እቶኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሸክላዎቹ እንደ ፍም ቀልተው ሲታዩ፣ ያ ስስ ጥጥ ከጀርባዋ ተንጠልጥሎ ነፋሱ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው አየሁ። 

ኬንቲሽ ታውን፣ አንድ የሰፈር አዳራሽ ጓሮ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሸክላ ሥራ ያስተምራሉ። ልጄ እዚሁ ለንደን የተወለደች፣ ትምህርቷን የጨረሰች ናት፤ ቤት ቁጭ ብዬ ስጨነቅ መዋሌ ሰልችቷት ለሁለታችንም ቦታ ቡክ አደረገች። የዚያን ቀን ራኩ የሚሉትን አተኳኮስ ልንሞክር ነበር። ሸክላው እንደጋለ በረጅም ጉጠት ከእቶኑ ይወጣና ሰጋቱራ ያለበት በርሜል መሳይ የብረት ቢን ውስጥ ይገባል። ሰጋቱራው ቦግ ሲል ሌላ ሰው ፈጥኖ ይከድነዋል። ጭሱ ነው አሉ መልኩን የሚያወጣው። ልጄ ጉጠቱን ያዘች፣ እኔ የቢኑን ክዳን።

አስተማሪያችን ሽበታም እንግሊዛዊት ናቸው። ገና ስንገባ ናይሎን የለበሰውን አስወለቁ፣ ጸጉር አሳሰሩ፣ የሚንጠለጠል ነገር እንዳይኖር አሉ። ልጄ ናት የምታስረዳኝ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው ተናገሩ፤ ጉጠት የያዘ ሰው አይጠራም፣ አይነካም። ከደነገጠ የጋለው ሸክላ እግሩ ላይ ነው የሚወድቀው።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። ግን ልጄ እቶኑ አጠገብ ተራዋን ስትጠብቅ ላቧ በአንገቷ ወረደ፣ ነፋስ ደግሞ በአጥሩ በኩል መጣ። ላብ ላይ ነፋስ ሳንባን እንዴት እንደሚይዝ እኛ እናውቃለን። አስተማሪዋ በእቶኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲያዩ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣል አደረግሁባት።

«እማ፣ ሰመር ነው እኮ።»

«የዚህ አገር ሰመር አይታመንም።»

«ቀጥሎ ጋቢውን አምጪልኝ» ብላ ሳቀች። አላወለቀችውም ግን። እኔን ላለማስከፋት ነው።

ወዲያው እቶኑን የሚያነደው ጋዝ ተዘጋ፣ እቶኑ ተከፈተ፣ ልጄ ጉጠቱን ሰደደች።

ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ብጠራት ትዞራለች፤ ብትዞር ነጠላው እሳቱ ላይ ይወድቃል፣ ሸክላውም እግሯ ላይ። ዝም ብላት ደግሞ ይኸው ወደ ቢኑ እየቀረበች ነው። እጄ እስከ ክርን በሚደርስ ጓንት ውስጥ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። አስተማሪዋን በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ እሳቸው ከወዲያ በኩል የእቶኑን ክዳን መሬት እያስቀመጡ ነው። እንግሊዝኛዬ ድሮም ትንሽ ናት፣ ያቺኑም አጣኋት። እመቤቴ፣ እመቤቴ አልኩ በሆዴ።

ልጄ ጎንበስ ብላ ሸክላውን ሰጋቱራው ውስጥ አኖረች። እሳቱ ቦግ አለ። የነጠላው ጫፍ በትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ ወደ ፊት መጣ፣ ዘርፉም ተያያዘ።

«እማ፣ ክደኚው እንጂ» አለችኝ። አላየችም።

እኔ ዓይኔ ዘርፉ ላይ ተተክሎ መክደን አቃተኝ።

አስተማሪዋ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደደረሱ እንጃ። ነጠላውን ከኋላዋ በአንድ ጊዜ መንጭቀው መሬት ጣሉት፣ በቦት ጫማቸው ረገጡት። ከዚያ ክዳኑን ከእጄ ተቀብለው ቢኑን ከደኑ። አልተቆጡኝም። ሁለታችንንም ክንዳችንን ይዘው ወደ አዳራሹ አስገቡን፣ በሩን ዘጉት።

ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጬ አንገቷን አየሁ፣ ጆሮዋን አየሁ፣ ጸጉሯን በጣቴ ፈተሽኩ።

«በቃ እማ፣ ቆዳዬን ልትልጪው ነው እንዴ? ለምን አልጠራሽኝም?»

«አይጠራም አሉ እኮ።»

መሳቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። ጓንቱን ከእጄ አወለቀችልኝ፤ ጣቶቼ እንደታጠፉ ቀርተው ነበር፣ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ልጄ አልተቃጠለችም። እሳቱ ከበሩ ውጭ ነው፣ እኛ ውስጥ ነን። ደህና ነን።