ግሪንቤልትን የሰጠሁ ቀን

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜን አልወድም ነበር። ሌላው ልጅ ፒጃማውን ሳያወልቅ ካርቱን ሲያይ፣ እኔን አባዬ ከምንኖርበት ከግሪንቤልት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ይዞኝ ይሄዳል። እዚያ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ጋሽ ታዬ አማርኛ ያስተምሩናል። ደሴ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታም ከጠመኔ አላላቀቃቸውም።

ፊደሉ ሲያልቅ የጣሪያውን መብራት ያጠፉና የጠረጴዛዋን ብቻ ይተዋሉ። ያኔ ማሞቂያው ቋ ቋ እያለ፣ የአሮጌ ምንጣፍና የእርጥብ ጃኬት ሽታ ክፍሉን ሞልቶት፣ ተረትና እንቆቅልሽ ይጀመራል። መልሱ የጠፋበት ልጅ እንደ ወጉ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ከሰጠ ጋሽ ታዬ ጎንደር ይገቡና ሰንጋ ጥለው፣ ዙፋን ላይ ተቀምጠው፣ ተሸናፊውን አጥንት ያስግጡታል፤ መልሱን የሚነግሩን ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ የተሰጠ ከተማ ደግሞ በዚያን ቀን አይደገምም። ለእረፍት ኢትዮጵያ ደርሰው የሚመጡት ልጆች ከተማ ሞልቷቸዋል። እኔ የማውቀው አዲስ አበባን ብቻ ነው፤ እሷን ሁሌም አንዱ ይቀድመኛል።

አንድ ቅዳሜ ጨነቀኝና ግሪንቤልትን ሰጠሁ።

«ግሪንቤልትማ የኪራይ ቤት ነው እንጂ አገር አይደለም» አሉ ጋሽ ታዬ።

ልጆቹ ሳቁብኝ። አፈርኩ፤ ከማፈርም አልፌ ተናደድኩ። የተወለድኩት እዚያ፣ ብስክሌት የለመድኩት እዚያ፤ እሱ አገር ካልሆነ እኔ ምን ልስጥ? መኪና ውስጥ ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ለአባዬ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። እሱ በአማርኛ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ጨምሪልኝ ብሎ ለመነኝ። አባዬ ለምኖኝ አያውቅም ነበርና እሺ አልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ታዬ ዶክመንተሪ ፊልም ይዘው መጡ፤ ጃፓን ውስጥ ስላለ የኮርያውያን ትምህርት ቤት። ልጆቹም ወላጆቻቸውም የተወለዱት ጃፓን ነው፤ ከግቢው በር ከገቡ ግን የሚጫወቱትም የሚጣሉትም በኮርያኛ ነው። ጋሽ ታዬ ያመጡት እኛን ሊያሳፍሩበት ነበር፤ «እነሱን እዩ» እያሉ ፊልሙ የሚታይበትን ግድግዳ ይጠቁማሉ። የእኔ ዓይን ግን አንዲት እኩያዬ ላይ ቀረ። አገርሽ የት ነው ብለው ሲጠይቋት ሳቀችና፣ በረዶ የሞላውን የትምህርት ቤቷን ግቢ እያሳየች «እዚህ» አለች። ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ሁለቴ ያነበብኩት መሰለኝ።

ፊልሙ አልቆ የጠረጴዛዋ መብራት በራች። የመመለሱ ተራ የእኔ ሆነ።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልዎ።»

«ቀን አብሮኝ ይውላል፣ ሲጨልም ጥሎኝ ይሄዳል።»

መልሱን አውቀው ነበር። አላውቅም አልኩ።

«አገር ስጪኝ።»

«ግሪንቤልት።»

አንድ ሁለት ልጆች መሳቅ ጀምረው ተዉት። «ጋሽዬ፣ ያቺ ልጅ እኮ የጠራችው የተወለደችበትን ነው። እኔም ያለኝ ግሪንቤልት ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጠርገውም ቶሎ አላደረጉትም። ያኔ ተቆጥተው የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያንን የተረት ድምፃቸውን አወጡና ግሪንቤልት ገቡ። የሕንፃችንን አስተዳዳሪ እግራቸውን አሳጠቡት፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰንጋ ጣሉ፣ እኔን ደግሞ ሊፍቱ ተበላሽቷል ብለው የታጠበ ልብሳቸውን እስከ ላይ በደረጃ አሸከሙኝ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

«መልሱ ጥላ ነው» አሉኝ በመጨረሻ።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላውቅም አልሽ?»

«አገሬን ልሰጥዎ።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ የምኖረው ከግሪንቤልት ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ልጄን በእንቆቅልሽ ስረታት ሳታመነታ አሌክሳንድሪያን ትሰጠኛለች፣ እኔም ወንዙ ዳር ሰንጋዬን እጥላለሁ። ከጋሽ ታዬ ተረቶች ግማሹ ጠፍቶብኛል። በግሪንቤልት በኩል በመኪና ሳልፍ ግን ከተማዋ እስካሁን የእሳቸው መሆኗ ትዝ ይለኛል፤ ሰው የእሱ ያልሆነውን አይሰጥምና፣ የእኔ መሆኗንም ያወቅኩት እሳቸው የተቀበሉኝ ቀን ነው።