የየኔታ አራጌ የቁም ተዝካር

ቆቦ ውስጥ የኔታ አራጌን የማያውቅ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ቁመታቸው አጠር፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተነስቶ ገበያው ድረስ የሚሰማ መምህር ነበሩ። ምግብ ይወዳሉ፤ ክርክር ደግሞ ከምግብም አስበልጠው ይወዳሉ። ከላስታ ደጋ ወርደው ራያ ቆላ የገቡት በጎልማሳነታቸው ነው። "ለአንድ ክረምት ነው" ብለው መጥተው ሽበት አበቀሉበት።

የሚያስተምሩት የሊቃውንትን መጻሕፍት ነበር። ከሊቃውንቱ ሁሉ ግን ልባቸውን የሰጡት ለአንዱ፣ ለቂሳርያው ለቅዱስ ባስልዮስ ነው። ስለ እሱ ሲያወሩ ትናንት አብረው ያመሹ ነው የሚመስሉት። "ባስልዮስ ምን ይላል መሰለህ?" ይላሉ፤ ለተማሪም፣ ለነጋዴም፣ መንገድ ለጠፋበት እንግዳም። "እግዚአብሔር ክፉን አልፈጠረም ይላል። በእጅ የሚዳሰስ፣ በእግሩ የሚሄድ፣ ክፉ የሚባል ፍጥረት የለም። ዕውርነት ምንድን ነው? የዓይን ብርሃን መጥፋት ነው። ጨለማስ? ብርሃን የጎደለበት ቦታ ነው። ክፉም እንደዚያው ነው፤ ደግ ነገር የጎደለበት ቦታ ነው እንጂ ራሱን ችሎ የቆመ ነገር አይደለም።"

ይህን ትምህርት አብዝቶ የሰማው ጎረቤታቸው ሙሀመድሰይድ ነው። አጥራቸው የተያያዘ፣ በሬ ሲጎድል የሚቀናጁ፣ ዘመናቸውን በሙሉ ሲከራከሩ የኖሩ ወዳጆች ነበሩ። አንድ ቀን የኔታን ጊንጥ ነደፋቸው። ሙሀመድሰይድ ሮጦ ሲደርስ እግራቸውን ይዘው ይንቆራጠጣሉ።

"እንዴት ነው የኔታ፣ ይኸም የለም?" አላቸው።

"ጊንጡ የእግዜር ፍጥረት ነው፤ ለራሱ ደግ ነው" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። "ሕመሙ የጤና መጉደል ነው። አሁን ወሬህን ተወውና መድኃኒት ፈልግ።"

ወሬው በማግስቱ ጎብዬ ከተማ ደረሰ። የኔታ ራሳቸውም እየሳቁ ያወሩት ነበር።

አንድ ነገር ግን አያስቃቸውም፤ ሞታቸው። ልጅ የላቸውም። እሳቸውና ሚስታቸው አስካለ ብዙ ተሳሉ፣ ብዙ ጸለዩ፣ አልሆነም። የኔታ በወጣትነታቸው የገዛ መምህራቸው ያለ ዘመድ ሞተው፣ አርባ ቀናቸው እንደ ማንኛውም ቀን ሲያልፍ አይተዋል። ለዚያን ያህል ሊቅ እንጀራ የቆረሰ፣ "ነፍስ ይማር" ያለ አልነበረም። ይህ ነገር ከአንጀታቸው አልወጣም። ስለዚህ ለራሳቸው ተዝካር የሚሆን ማሽላ ጓሯቸው ውስጥ፣ በጉድጓድ አጠራቅመው ነበር። ጉድጓዱን የቆፈረላቸው ሙሀመድሰይድ ነው፤ በጭቃና በእበት የለቀለቀውም እሱ፣ አፉን በድንጋይ የደፈነውም እሱ። በየመኸሩ አሮጌውን አውጥተው አዲስ ይተኩበታል። "ልጄ ይኸ ነው" ይሉ ነበር የኔታ፤ "ስሞት ስሜን የሚያስጠራልኝ እሱ ነው።"

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ቀረ፤ ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ እንኳ አሸዋው ውስጥ ሰምጦ ማሳው ሳይደርስ ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ነደደ። ከብቱ አለቀ። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ሰው ከየመንደሩ እየወጣ አውራ ጎዳናው ላይ ተኮለኮለ። ከዞብል ተራራ ማዶ የመጣ አፋር፣ ከደጋ የወረደ ክርስቲያን፣ የራያ እስላም፣ ከዋጃ እስከ ሮቢት መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ተቀምጧል። ራብ ሁሉንም አንድ መልክ አስይዞታል። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር እጅ ይዘረጋል። አንዳንዱ ይቆማል፤ አብዛኛው አቧራውን አልብሶት ይሄዳል።

"የእግዜር ቁጣ ነው" ይላል ሰው። የኔታ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። "ያ የሚጠባ ሕፃን ምን አድርጎት ነው የሚቆጣው?" ይላሉ። "በባስልዮስም አገር ራብ ገብቶ ነበር። ባስልዮስ ግን ያን ጊዜ ጣቱን ወደ ሰማይ አልቀሰረም፤ ጎተራቸውን በዘጉት ላይ ነው የጮኸው። ከጉርስህ የተረፈው የራብተኛው ነው ብሎ ሰበከ፤ የራሱንም አውጥቶ አበላ።"

ይህን ሲናገሩ ከልባቸው ነው። ጉድጓዱ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላላቸውም። ሰው እኮ ጉድ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያስተማረው ነገር የገዛ ጓሮው ሲደርስ አይታየውም። ደግሞ በስስት አይደለም፣ አይፈረድባቸው። ለየኔታ ያ ማሽላ እህል አልነበረም፤ ነፍሳቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው ተበትነው፣ ያ ሆዳቸው ጠፍቶ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው፣ ከአስካለ ጋር ጭብጥ ቆሎ ተካፍለው ሲያድሩ እንኳ ከጉድጓዱ ፍሬ አልነኩም።

አንድ ጠዋት ሙሀመድሰይድ ሚስቱን ኡሙሰልማን ደግፎ መጣ። እሷ እንደደረሰች ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

"አፉ በሉን የኔታ" አለ ሙሀመድሰይድ። "አውቀንም ሳናውቅም ያስቀየምንዎት ካለ ይቅር በሉን። ወደ ደሴ ልንሞክር ነው። መንገዱን የምትችለው አልመሰለኝም፤ ግን ቁጭ ብዬ እያየኋት ከምትሞት..."

የኔታ በርጩማ ሳቡለትና፣ "ትንሽ ተቀመጥ" አሉት።

"አልቀመጥም፤ ከተቀመጥኩ አልነሳም። አንድ ነገር ልጠይቅዎትና ልሂድ። ወላሂ ለክርክር አይደለም። እኛ ደጉም ክፉውም ከአላህ ነው፣ ሰብር ማድረግ፣ መታገስ ነው እንላለን። እርስዎ ክፉ የሚባል ፍጥረት የለም፣ የደግ መጉደል ነው ይላሉ። እሺ፤ ይኸ ራብስ የምን መጉደል ነው?"

"የእህል ነዋ" አሉ የኔታ፣ እንደ ልማዳቸው ፈጥነው። "ራብ ፍጥረት አይደለም። እህል መድረስ ከሚገባው ቦታ ሲቀር፣ ያ ባዶው ቦታ ነው ራብ የሚባለው።"

"አላህ ካላጎደለው ታዲያ ማን አጎደለው?"

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱን ያውቁታል፤ ለስንቱ ተማሪ አስተምረውታል፤ ዘግቶ ያስቀመጠው ሰው ነው የሚል ነው። ሊናገሩት ሲሉ ሙሀመድሰይድን አዩት። እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። ጉድጓዱን በገዛ እጁ የቆፈረ ሰው፣ ሚስቱ እግሩ ሥር እየደከመች፣ የወዳጁን ተዝካር ላለመመኘት ሲል ወደ ጓሮው ላለማየት ይታገላል። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። የኔታ በሕይወታቸው እንደዚያች ሰዓት አፍረው አያውቁም።

"የትም አትሄድም" አሉት። "ዛሬ እዚህ ቤት ተዝካር አለ።"

"ማን ሞተ ደግሞ?"

"ማንም አልሞተም። ተዝካሩ የኔ ነው፤ በቁሜ ላወጣው ነው።"

አስካለ ከጓዳ ወጣች። ሰምታለች። "አንቱ፣ ምን ነካዎት?" አለች። "ኋላ ባዶ እጄን የምቀረው እኔ ነኝ። ምን ይዤ ላስጠራዎት ነው? እንደ መምህርዎ ሊቀሩ ነው?" እያለች አለቀሰች። እሷም እኮ እየራባት የጠበቀችው ለእሳቸው ብላ ነው።

"እኔም ፈርቻለሁ፣ አስካልዬ" አሉ የኔታ። "ግን ተዝካር ነዳያን የሚበሉበት አይደለም እንዴ? እኔ እስክሞት ማን ይቆየኛል? መንገድ ላይ እያለቁ ነው።"

አስካለ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ድስት ልትዋስ ወጣች።

ድንጋዩን አነሱት። የታፈነ ጉድጓድ ሰው ይገድላልና እስኪተነፍስ ጠበቁት፤ ከዚያ ሙሀመድሰይድ ወረደ። የላይኛው ማሽላ ሻግቷል፤ የታችኛው ደህና ነው። ኡሙሰልማ በተቀመጠችበት ሆና፣ "ንፍሮ እንዳታበሏቸው፤ የከረመ ረሀብ ጠንካራ ነገር አይችልም፣ ቀጠን ያለ ሙቅ ሥሩ" አለች። የመጀመሪያውን ቅል የጠጣችውም እሷ ናት።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ እሸቴ ወሬውን ሰምተው መጡ። "ፍትሐት ላልተደረገለት ሰው ተዝካር የት ታየ?" አሉ። "ደግሞስ ካህናቱ ሳይቀመጡ፣ እስላም ክርስቲያኑ ተደባልቆ?"

"ካህናቱም ይምጡ" አሉ የኔታ። "የራበው ተራ ይያዝ፣ ያልራበው ያማስል።"

ቄስ እሸቴ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና እሳቱ ሥር ገብተው እንጨት መማገድ ያዙ። እሳቸውም ርቧቸው ነበር፤ መናገሩን አፍረው ነው።

ማሽላው ለዚያ ሁሉ ሰው አልበቃም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ሰኔ ሳይገባ ጉድጓዱ ተጠረገ፣ ከመንገዱ ዳር የተቀበረውም ብዙ ነው። ኡሙሰልማ ግን ተረፈች፤ ሌሎችም ተረፉ።

በዚያች የመጀመሪያ ቀን ሙቁን በቅል እየቀዱ መንገድ ዳር ለተቀመጠው ሰው አደሉት። የኔታ ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ቆሙ። ልባቸው አንድ ነገር ይጠብቃል። ምን ይዋሻል፣ ያችን "ነፍስ ይማር" በገዛ ጆሯቸው ሊሰሟት ቋምጠዋል፤ ከእንግዲህ ሌላ ቀን የላቸውማ። ሰው ግን ይጠጣል፣ ቅሉን ይመልሳል። ለምርቃት የሚሆን ትንፋሽ ያለው አልነበረም።

ኋላ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከልጇ የተረፈውን ጠጥታ ቅሉን መለሰች። "የሞተው ማን ነው? ስሙን ንገሩኝና ነፍስ ይማር ልበልለት" አለች።

"እኒያ ናቸው" አለች ሙቁ ትንሽ ያበረታት ኡሙሰልማ፣ በጣቷ የኔታን እያሳየች።

ሴትዮዋ አየቻቸው። ቀስ ብላ ተነሳችና እፊታቸው ድረስ ሄደች።

"በሕይወት ላለ ሰው ነፍስ ይማር አይባልም" አለቻቸው። "ይኑሩልን፣ አባቴ። የጎደለዎትን ይሙላልዎ።"

በመንገዱ ዳር እስላሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ስለ መጉደል ሲያስተምሩ የኖሩት ሰውዬ፣ እንባቸው ጢማቸውን እያራሰው ወደ አስካለ ዞሩ።

"አንቺ በይልኝ" አሏት። "እኔስ አፌ እምቢ አለኝ።"

አስካለ እጃቸውን ያዘችና አሜን አለችላቸው።