በጥምጣሜ እጥፋት የከረሙ ክኒኖች

ጉልበቴ የከዳኝ በጾመ ነቢያት መግቢያ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የዓለት ወለል ላይ መቋሚያ ተደግፌ ስቆም ኖሬአለሁና፣ ጉልበቴ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም። ያስፈራኝ ሌላ ነበር፤ ለልደት ማኅሌት መቆም ባልችልስ? በማኅሌት መካከል ቁጭ የሚሉትን ባልንጀሮቼን «ወንድሜ፣ ከቤትህ ያለህ መሰለህን?» እያልሁ ስሸነቁጥ የኖርሁ መሪጌታ ነኝ።

ከጤና ጣቢያ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጥተው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሁለት ሁለት እንድውጥ አዘዙኝ። እዚህ ላይ ሊቅነቴ ገባበት። ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓትም ሳይሞላ፣ ውኃ በአፌ አይዞርም። ሌላው ታሞ ሲጠይቀኝ «መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ ውጥና እግዚአብሔርን አመስግን» ብዬ አሰናብታለሁ፤ ይህን ፈቃድ ለራሴ ግን ነፈግሁት። ከምእመናን ላቅ ብዬ መታየት ነበረብኛ። ትእዛዙንም እንዳላጓድል የጠዋቱንና የቀትሩን ክኒን በጥምጣሜ እጥፋት እሸጉጥና፣ በዘጠኝ ሰዓት ከማታው ጋር አደባልቄ እውጠው ነበር።

የማወራርደውም በጠላ ነው። በወሩ ውስጥ ማኅበር የማይጠጣበት ዕለት ጥቂት ነው፤ ጽዋ ባርኩልን የሚለኝም አይጠፋም። ባራኪው ሳይጠጣ ማንም አይጠጣም፤ ባራኪው ከንፈሩን ብቻ አርሶ የመለሰ እንደሆነ ደግሞ ባለቤቲቱ ጠላዋ የተናቀ ይመስላታል። ማንንም ላለማስቀየም ስል፣ በባዶ ሆዴ፣ ክኒኑን በጠላ፣ ጠላውንም በጠላ አወርደዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ይለቀኛል። ይህም የጾሜ ብርታት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ለክኒኑ ከምስጋናው ቅንጣት አላካፈልሁትም።

ሳይሰነብት ምግብ ይቀፈኝ፣ አፌ ይመረኝ፣ ከቀኝ ጎኔ ከጎድኔ ሥር ይከብደኝ ጀመር። አንድ ቀን የባለቤቴን መስተዋት ይዤ ወደ ደጃፍ ወጣሁና ዓይኔን በጣቴ ገልጬ አየሁ።

«ዓይኔ ቢጫ ሆኗል?» አልኋት።

ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል «ካገባሁዎት ጀምሮ እንደ ብራና ነው» አለችኝ። ኋላ ግን ቀና ብላ አየችኝና ሰፌዱን ከጎኗ አኖረች። «ጋቢዎን ይልበሱ። እንሄዳለን።»

ወጣቱ ሐኪም ሆዴን ዳብሶ ሲያበቃ ጥያቄ ጀመረ።

«የኔታ፣ ክኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«በታዘዝሁት መሠረት። አንዲት አላጎደልሁም።»

«የጠዋቱን በስንት ሰዓት?»

«በዘጠኝ።»

«ከሌሊቱ?»

«ከቀኑ።»

«የቀትሩንስ?»

«በዘጠኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የማታውን አልጠይቅዎትም። በምን ያወራርዱታል?»

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «በጠላ። ጋን አልጎድል ያለው ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው።»

«ተራ ጠላ አይደለም፤ ባርኬዋለሁ» አልሁት።

«ጉበትዎ ይህን አያውቅም፣ የኔታ» አለኝ።

ክኒኑን ለማየት ጠየቀኝ። ጥምጣሜን ስፈታ የዕለቱ ድርሻ በጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ሻሹን ባጠብሁ ቁጥር ያ ነጭ ዱቄት ከየት ይመጣል እል ነበር» አለች።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ክኒኑ እንዳይጎዳ ተከፋፍሎ መወሰድ እንደነበረበት፣ በአንድ ጊዜ ሲበዛ፣ ያውም በባዶ ሆድና በመጠጥ፣ ጉበትን እስከ መግደል እንደሚደርስ ነገረኝ። ደሜን ወስደው ውጤቱን እስክሰማ በአግዳሚው ላይ ጠበቅሁ። በዚያች ሰዓት ስለ ነፍሴ ላስብ ይገባኝ ነበር። ያሰብሁት ግን እኔ ብሞት የልደትን ማኅሌት ማን ይመራል ብዬ ነው፤ ማን እንደሚመራም ስለማውቅ ይበልጥ ተናደድሁ።

«ጉበትዎ ተቆጥቷል፤ ግን ይመለሳል» አለኝ ሐኪሙ። «ይህ ክኒን ይቅር። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄም ይቅር። ለጉልበትዎ የሚቀባ እሰጥዎታለሁ። በማኅሌቱም ቁጭ ይላሉ።»

የቀረውን ሁሉ በትዕግሥት ሰማሁ። የመጨረሻውን ግን እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። ደገመልኝ።

በልደት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እልኼ የያዘኝን ያህል ከቆምሁ በኋላ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ከዓለቱ ግድግዳ ሥር ተፈልፍሎ የቀረ መቀመጫ አለ፤ በላዩም ከሁሉ አብልጬ የሸነቆጥሁት የዕድሜ እኩያዬ ተቀምጦ ነበር። የበግ አጎዛውን ግማሽ ዘረጋልኝ።

«ና ወንድሜ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንደ ቤትህ ሁን።»

ተቀመጥሁ። አጎዛው ሞቅ ያለ ነበር። ለካስ ይህ ሰው በየዓመቱ ዜማውን ሳያዛንፍ እዚህ ሞቆት ኖሯል!

ከጾሙ ፍቺ በኋላ ደሜን ደግመው አዩት፤ ጉበቴ ወደ ጤናው እየተመለሰ ነው፤ እገዳው ግን አልተነሣም። ዛሬም ወደ ማኅበር ይጠሩኛል፤ ጽዋውን ባርኬ ለዚያ ባልንጀራዬ አሳልፋለሁ፤ እርሱም የሁለታችንን ድርሻ ያለ ቅሬታ ይወጣል። ለእኔ የተልባ ውኃ ይቀዳልኛል። ጠላዬ ተናቀ ብላ ፊቷን የምታጠቁር ባለድግስ ያጋጠመችኝ እንደሆነ መልስ የምትሰጥልኝ ሚስቴ ናት።

«መጀመሪያ ጥምጣማቸውን ፈትሺ» ትላታለች።

እኔም ጎንበስ ብዬ እፈተሻለሁ።