ቤት ለእንቦሳ ያልተባለበት ቤት

ኮንዶሚኒየም የደረሰን ቀን አባቴ አልተደሰተም። ዜናውን የሰማሁት ቢሮ ሆኜ ነበር፤ ባልደረቦቼ ከበውኝ እልል ሲሉ ደወልኩለት። የት ነው ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አራብሳ አልኩት።

"አራብሳ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው አዲስ አበባ የሆነው?" ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ጉድ እኮ ነው። ያን ዕጣ ስንት ዓመት የጠበቀው እሱ ራሱ ነው። ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣ ገዝቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ ስሙን ሲፈልግ ያረፍድ ነበር። ሲያጣው "ለበጎ ነው" ይልና ጋዜጣውን ለመስኮት መወልወያ ያስቀምጠዋል። አሁን ሲገኝ ደግሞ ፊቱን አጠቆረ። የለመነው ሲሰጠው የሚያኮርፍ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አባቴን ብቻ ነው።

ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ። ያኔ የምንኖረው ቦሌ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ነበር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ተከራይተን። ዙሪያችን ሁሉ ሬስቶራንትና የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ሲያልቅ የእኛ ግቢ ብቻ እንደ ድሮዋ ቀርታ ነበር፤ የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የኮክ ዛፍ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና አባቴ ብቻ ነን። ከፊት ለፊታችን፣ በር ለበር እየተያየን፣ ግቢው ሁሉ እትዬ ብቻ የሚላቸው ጎረቤታችን ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ከመቀሌ መጥተው ልጆቻቸውን እዚያው ያሳደጉ ሴት ናቸው። በሁለቱ በሮች መካከል፣ ከኮኩ ሥር፣ አባቴ ያሠራው ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበረ። ሲመሽ ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚሰበሰበው። እትዬ በግድግዳው በኩል ጫፉ ላይ፣ አባቴ በወዲህኛው ጫፍ፣ ሌላው ሰው መሃል። ቦታ የሚቀያየር የለም።

ሁለቱ የማይነቋቆሩበት ቀን አልነበረም። የእትዬ ዶሮዎች የአባቴን ጤና አዳም ይጭሩበታል፤ አባቴ ለፋሲካ ሳይደርሱ እጨርሳቸዋለሁ እያለ ይዝታል። እሳቸው ደግሞ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ዛሬ አትክልተኛ ልሁን ይላል ብለው ለጎረቤት ያወራሉ። እውነታቸውን ነው፤ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አንድ ክረምት ሳንባውን ታሞ በተኛ ጊዜ ግን ከዶሮዎቹ አንዷን አሳርደው ሾርባዋን ይዘው የመጡት እትዬ ናቸው። ምን እንደሆነ ሳይነግሩት አጠጡት። ሲድን ነው "ጤና አዳምህን የጨረሰችው እሷ ነች፣ መልሰህ በላሃት" ያሉት። አባቴ ያን ቀን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ከዚያ የግቢው ባለቤት ልጆች ግቢውን ሸጡት። ዕጣው የወጣልን ልክ በዚያው ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው አለን። በእኔ ደሞዝ ቦሌ ውስጥ ቤት ይቅርና በረንዳም የሚያከራየኝ አልነበረም። አራብሳ ካልሆነ የትም። እትዬ ልጃቸው ጋ ገቡ፣ እዚያው ሩዋንዳ፣ ከኋለኛው መንገድ።

የወጣን ዕለት እቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ስንጨርስ አባቴ አግዳሚው ወንበር ካልተጫነ አልሄድም አለ። ኧረ አባዬ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምንገባው፣ ሶፋ እገዛለሁ ብዬ ለመንኩት። "እነሱ ሲመጡ ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?" አለኝ። እነሱ ማለት የግቢው ሰዎች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ እትዬ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሳምንት ሳይሞላ መጥቼ ቤት ለእንቦሳ እላለሁ አሉት። በባዶ እጅዎ እንዳይመጡ ብሎ መለሰላቸው፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር።

አግዳሚው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አልታጠፍ አለ። በመጨረሻ በገመድ ታስሮ በበረንዳ በኩል ተጎተተ። ሲወዛወዝ ያየ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያይ ነበር። የሳሎናችንን አንድ ግድግዳ ይዞ እስከ ማድ ቤቱ በር ደረሰ። በየማለዳው በዚያ ጫፍ ቅልጥሜን እየተመታሁ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ አራብሳ ምን ልበላችሁ? ቤቱን የተረከብነው ግድግዳው ሳይለሰን፣ ወለሉ ሲሚንቶ እንደሆነ ነው። ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው ቢጫ ሣርና ገና ያላለቁ ፎቆች ብቻ፤ ለዓይን የሚሆን ዛፍ የለም። ነፋሱ ግን አለ። በጋውን ሙሉ አቧራውን ተሸክሞ ይመጣና ጥርሳችን ውስጥ ሳይቀር ያስቀምጠዋል። ያሰጣሁትን አንሶላ ሌላ ብሎክ ሄጄ ነው የምለምነው። ውሃ ሲመጣ ሰው በደስታ ይጠራራል፤ ካልመጣ ጄሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ነው። አባቴ በቆርቆሮ የተከለውን ጤና አዳም ነፋሱ ከነቆርቆሮው ከበረንዳ ላይ ወሰደበት። ወደ ታች ሲያይ ቆየና ዶሮ ብትሆን እጣላት ነበር፣ ከነፋስ ጋር ምን ይባላል አለ።

እኔ ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ሰልፍ፣ ታክሲ፣ ጎሮ ላይ መውረድ፣ እንደገና ሰልፍ፣ ከዚያ ገርጂ፣ ከዚያ ቦሌ። ድሮ ቤቴ ምሳ በልቼ በእግሬ የምመለስበት ቢሮ አሁን መንገደኛ ሆኜ ነው የምደርሰው። አንዳንድ ቀን አባቴ አብሮኝ ይወጣል። ሰበብ አያጣም፤ ጸጉር አስተካካዩ እዚያ ነው፣ መድኃኒት ቤቱ እዚያ ነው፣ ጫማ ሰፊው የእሱን እግር ያውቃል። ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ይቀመጥና "ክላቹን ገደለው እኮ" እያለ ያንሾካሹክልኛል። ከቢሮ ስወጣ እሱንና እትዬን በልጃቸው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲነታረኩ አገኛቸዋለሁ። አብረን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ እትዬ ከበዓሉ በኋላ እንመጣለን ብለዋል፣ ወይም ዝናቡ ሲያባራ እንመጣለን ብለዋል።

እኔ እንደማይመጡ ገብቶኝ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አራት ፎቅ መውጣት ለእሳቸው ተራራ ነው። ሌላውም ሰው ቢሆን ለአንድ "ቤት ለእንቦሳ" ብሎ እሁዱን ታክሲ ሰልፍ ላይ አይጨርስም። አባቴ ግን ይህ አይዋጥለትም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንበሩን ይወለውላል፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል። ግድግዳውን አስለስኜ ቀለም ያስቀባሁ ጊዜ እንኳ፣ ደስ አይልም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ቤት ለእንቦሳ ያልተባለበት ቤት መጋዘን ነው አለኝ። ተናደድኩ። ታዲያ የብሎኩ ሰዎች አይሉልንም ወይ አልኩት። እነሱም እኮ እንደ እኛ ዛሬ የገቡ ናቸው፣ ሁሉም እንግዳ በሆነበት አገር ማን ለማን ይላል አለኝ። አሁን ሳስበው ልክ ነበር። በዚያ ብሎክ አንዳችንም ለአንዳችን አላልንም፤ ሁላችንም የየራሳችንን ሰው እንጠብቅ ነበር።

አንዴ በጣም ደስ ብሎት ሳለ እንዴት እንደሚቀበላቸው ነገረኝ። "እትዬ ሲመጡ ቶሎ አልመልስላቸውም። በሩ ላይ አቁሜ ትንሽ አስጠብቃቸዋለሁ፤ እኔን ያስጠበቁኝን ያህል። ከዚያ ነው እንቦሳ እሰሩ የምላቸው።" ብቻውን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አንጀቴን በላኝ።

ከጎረቤቶቻችን የቀረበን ከምድር ቤት ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነበር። የብሎኩ እድር ሲመዘገብ አባቴን እንዲገባ ለምኖት ነበር። አባቴ የእኔ እድር ሩዋንዳ ነው ብሎ አሻፈረኝ አለ። ለቅሶ ግን አይቀርም፤ በብሎኩ ሰው ሲሞት፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ጋቢውን ደርቦ ሄዶ ይቀመጣል። ሰው ሞቶ እንዴት ሰው ያጣል ይላል።

በሦስተኛው ክረምታችን ሳንባው እንደገና ታመመ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ወጣ፤ ደህና ሆኗል ተባልን። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሻይ አፍልቼ ስመለስ አልጋው ላይ እንዳለ አርፏል። ጮኽኩ መሰለኝ። በሩን ያንኳኳው የሱቁ ሰውዬ ነው። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ የሱን ቃል ግን አስታውሳለሁ፤ "አብሽሪ እህቴ፣ ቁጭ በይ፣ እኛ አለን" አለኝ። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ የትም እድር እንደሌለው ሰው፣ ድንኳን ሳይተከልለት፣ በዚያ ነፋስ ውስጥ ብቻዬን ይዤው መቅረቴን። እየተንተባተብኩ አልተመዘገብንም እኮ አልኩት። እንዳልሰማ ሆኖ ወረደ። በመስኮት ሳይ ወጣቶቹ ድንኳን እየጎተቱ ነበር፤ ነፋሱ እየነጠቃቸው በድንጋይ ላይ ድንጋይ ሲደርቡ።

ሩዋንዳ ደግሞ ማን እንደደወለ አላውቅም፣ ከቀብር ስንመለስ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። የግቢው ሰዎች በሙሉ፤ ቢሸጥም ባይሸጥም ግቢው እንዳለ መጣ። አባቴ ያን ሁሉ እሁድ በረንዳ ላይ ሆኖ ያይ በነበረው መንገድ ነው የመጡት። ያኔ ነው ከአንጀቴ ያለቀስኩት። እንዲያው ዛሬ መጣችሁ፣ ዛሬ ማልቀሻ እንጂ መመረቂያ አይደለም ብዬ ተቆጣሁባቸው፤ በልቤ ነው፣ በአፌ አይደለም።

ሰዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። እትዬ ግን ቤቱን ሳላይ አልቀመጥም ብለው፣ ልጃቸው ደግፋቸው፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። እኔ እላይ ቤት ውስጥ ከሴቶች ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ትንፋሻቸውን ከደረጃው ሰማሁት። በሩ ላይ ደረሱ። ሊያለቅሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸው ግን ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፈ። ከራሳቸው በላይ የለመደው አፋቸው ቀደማቸው።

"ቤት ለእንቦሳ" አሉ።

ለቅሶ ቤት ነው። ሴቶቹ ደነገጡ፤ አንዷ እንዲያውም በስመአብ አለች። እትዬ ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው፤ ነጠላቸውን ጎርሰው እዚያው ደረቁ። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘቻቸው። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።

እኔ መመለስ አቅቶኝ እንጂ አስቤ አልነበረም ዝም ያልኩት። አባቴ እንዳለው፣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ተነሥቼ እጃቸውን ይዤ በግድግዳው በኩል ጫፉ ላይ፣ ቦታቸው ላይ አስቀመጥኳቸው።

"እንቦሳ እሰሩ፣ እትዬ" አልኳቸው።