ጸጥ ያለው ክፍል

የነርሶች ኃላፊ የነበረችውን ሴትዮ አልወዳትም ነበር፤ ዛሬም አልወዳትም። ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ሆስፒታል አብረን ሠርተናል። ጠዋት ጠዋት በየክፍሉ በር ቆም ትልና ጆሮዋን ትጥላለች። ጩኸት ከሰማች ነርስ ትጨምራለች፤ ጸጥ ካለ ትቀንሳለች። አንድም ቀን የበሽተኛ ካርድ ገልጣ ስታይ አላየኋትም።

እኔ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበርኩ። አብዛኞቹ ከብት አርቢ አፋሮች ናቸው፤ ሆዳቸው ተቀዶ እንኳ ሰው ፊት ማቃሰት ነውር ነው ይላሉ። ስለዚህ ክፍላችን ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ሁልጊዜም ከሁለታችን ነርሶች አንዷ ወደ ሌላ ክፍል ትወሰዳለች።

አንድ ቀን ኃላፊዋ ባልደረባዬን ወደ ሕፃናት ክፍል ወሰደቻት። «ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ?» ስላት፣ «ምን አለብሽ፣ ያንቺዎቹ እንደሆኑ ጨዋ ናቸው» ብላኝ ሄደች።

ከአፋምቦ የመጡ አንድ ሽማግሌ በዋዜማው ሆዳቸውን ተቀደው ነበር። በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር፣ በሚያስታምማቸው ጎልማሳ ልጃቸው በኩል «አመመዎት?» እላለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እኔም ምስጋናቸውን እንደ ጤና ቆጥሬ ወደሚቀጥለው አልጋ እሮጣለሁ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ አንሶላውን ገለጥ ሳደርግ ፋሻው በደም ርሷል፤ ግፊታቸው ወርዷል። ከልጃቸው ጋር እየተሯሯጥን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መለስናቸው፤ ለጥቂት ተረፉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ኃላፊዋ አልጋቸው አጠገብ ቆማ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለምን አልተጣሩም?» አለቻቸው። ልጃቸው መልሳቸውን ተረጎመልን፤ «ይቺ ልጅ ብቻዋን ስትሮጥ እያየሁ እንዴት ልጥራት?»

ሴትዮዋ ምንም አልመሰላትም። «ይኸው፣ ዛሬም ጸጥ ብሏል» አለችና ወደ ክፍላችን ተመልሳ የነበረችውን ባልደረባዬን ነይ ብላ ጠቀሰቻት። ያኔ ክፍሉ መሐል ቆሜ ጮኽኩ። ኡኡታዬ ካርድ ክፍል ድረስ ተሰማ፤ አስታማሚው ሁሉ ተንጋግቶ መጣ። «ክፍሉ ጮኸልዎት፤ አሁን ነርሷን ይተዉልኝ» አልኳት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ባልደረባዬ ግን ከእኔ ጋር ቀረች። ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችንም ክፍሉ ውስጥ እንዳለን፣ ሽማግሌው በልጃቸው አስጠሩኝ።

«ቁስሌ ያመኛል» አሉኝ።